ሜካኒካል ኪቦርድ በራስዎ ሲገጣጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተገጣጥሞ ከሚሸጥ ኪቦርድ ይልቅ ቀፎውን፣ ስዊቹን (በየቁልፉ ሥር ሆኖ ጫናውን የሚቀበለውን ክፍል)፣ የቁልፍ ክዳኑንም ለየብቻ መርጦ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በዋጋው ነው። አብዛኛው ስህተትም የሚመነጨው ገንዘቡ የት እንደሚገባ ካለማወቅ ነው።

ውድ ሁሉ የተሻለ ይጽፋል ብሎ ማመን

የቁልፍ ክዳኖችን እንይ። እጅግ የሚፈለጉት በሁለት ዙር የሚቀረጹት ናቸው፤ አንዱ ፕላስቲክ ቀልጦ ፊደሉን ይሠራል፣ ሌላ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ዙሪያውን ይሞላል። ፊደሉ ላዩ ላይ የተቀባ ስላልሆነ ለዓመታት ቢደበደብም አይለቅም። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን የብረት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ይፈልጋል፤ ሞልድ ማስቀረጽ ደግሞ ከፕላስቲኩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ያ ወጪ ለ10 ሺህ ገዢ ሲካፈል አይታወቅም፤ ለ300 ገዢ ሲካፈል ግን ኪስ ይጎዳል። ጂኤምኬ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራቸው ክዳኖች አንዱ ስብስብ ከ100 ዶላር በላይ መሸጡ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የግዕዝ ፊደል ያለው ክዳን የምትመኙም ይህን አስቡበት፦ አዲስ ሞልድ ከማስቀረጽ ይልቅ በሙቀት ወደ ፕላስቲኩ የሚሰርጽ ቀለም ማሳተም በብዙ እጥፍ ይቀላል።

የአሉሚኒየም ቀፎም እንዲሁ ነው። በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ወፍራሙን ብረት ፈልፍሎ ያወጣዋል፤ ከብረቱ ብዙው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቀለም ይገባበታል፤ ጭረት ወይም የቀለም ልዩነት የታየበት ይጣላል፤ የተጣለውም በሚሸጠው ላይ ይታሰባል። እንግዲህ የሚከፍሉት ለሥራውና ለቁጥሩ ማነስ ነው። ለውበቱ ሲባል መክፈል ያስደስታል፣ እኔም ከፍያለሁ፤ ጣትዎን ግን አያፈጥነውም።

«ፒቢቲ ሁልጊዜ ከኤቢኤስ ይበልጣል» የሚለውን እንዳለ መቀበል

ሁለቱም ክዳን የሚሠራባቸው የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው። ኤቢኤስ በጣት ቅባትና ፍትጊያ እየዋለ እያደር ያብለጨልጫል፤ ይህ እውነት ነው። ፒቢቲ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚኮማተር ረጅሙ ስፔስ ባር ሊጎብጥ ይችላል። እንደደረሰዎ ስፔስ ባሩን መስታወት ላይ አስቀምጠው ጫፍና ጫፉን በጣትዎ ይንኩ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይመልሱት። ውዶቹ የጂኤምኬ ክዳኖች ራሳቸው አብዛኞቹ ከኤቢኤስ የተሠሩ ናቸው።

ሳይለኩ ማዘዝ

በመደበኛ ኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ አንድ ክፍል ይባላል። ስፔስ ባር በአንዳንዱ ቦርድ 6.25 ክፍል፣ በሌላው 7 ክፍል ነው። የቀኝ ሺፍትም በትንንሽ ቦርዶች ያጥራል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በስብስቡ ውስጥ የእርስዎ ቦርድ የሚፈልገው ልክ መኖሩን ቁልፍ በቁልፍ ያረጋግጡ።

ስዊች ሳይሞክሩ 90 ፍሬ መግዛት

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በድምፅ በሚጻፍበት ዘዴ ግን አምስት ጊዜ መጫን ይጠይቃል። ቼሪ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ቀይ ስዊች 45 ግራም ያህል ኃይል ሲፈልግ ጥቁሩ 60 ያህል ይፈልጋል፤ ልዩነቱ አንድ ገጽ ሲጻፍ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ጣት ሲደክም ይታወቃል። ከየዓይነቱ ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝተው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩ።

በግድ መሰካት

አንድ ወጣት «ቦርዱ ተቃጥሏል» (ስዊቾቹ የሚሰኩበትን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ማለቱ ነው) ብሎ አዲስ ኪቦርዱን አመጣልኝ፤ አንድ ቁልፍ አይሠራም። ስዊቹን ነቅዬ ገልብጬ ሳየው ከሁለቱ ቀጫጭን የብረት እግሮች አንዱ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ሆዱ ላይ ተለጥፏል። በወረንጦ አቃናሁት፤ ቦርዱን ከሥር በጣቴ ደግፌ ስዊቹን ቀጥ አድርጌ ስጫነው ቀጭ ብሎ ገባ፣ ቁልፉም ሠራ። ከቦርዱ ሥር የተበየደው የስዊቹ መሰኪያ ሳይደገፍ ከተጫነ ሊነቀል ይችላል፤ ያኔ ነገሩ የብየዳ ሥራ ይሆናል። ከሁለቱ የብረት እግሮች ሌላ ሁለት የፕላስቲክ እግሮች ያሉት ስዊች ደግሞ ቀዳዳ በሌለው ቦርድ ላይ አይገባም፤ ፕላስቲኮቹን በመቁረጫ መቁረጥ ይቻላል።

የሚያስፈልግዎን ገንዘብ በጋራ ግዢ ማሰር

በጋራ ግዢ ገዢዎች አስቀድመው ይከፍላሉ፣ ፋብሪካው በኋላ ያመርታል። ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙ ናቸው፤ ሻጩ ተዘግቶ ገንዘባቸው የቀረም አሉ። ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት የታሰበ ገንዘብ እዚያ አይግባ። ተመርቶ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ቢገዙ የሚያጡት የሚወዱትን ቀለም ብቻ ነው።

ቅባት ማብዛት

ስዊች ውስጥ የሚገባው ቅባት በቀጭን ብሩሽ ተቀብቶ የማይታይ ያህል ሲሳሳ ነው ጥሩ። ሲበዛ ቁልፉ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ በመንገዱ መሃል ጉብታ ያለው ስዊች ከሆነም ጉብታው ይደበዝዛል። በዚህ ከመድከም አስቀድሞ ግን ስታቢላይዘሩን ማለትም ረጃጅም ቁልፎችን ሚዛን የሚያስጠብቀውን ሽቦ ያስተካክሉ። ስፔስ ባር ሲመታ የሚንኳኳው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፤ የሽቦው ጫፎች በሚገቡበት ቦታ የምትቀባ ትንሽ ወፍራም ግሪስ ጸጥ ታሰኘዋለች።