ሥራ ልትቀይሩ ነው? ቅዳሜን ሞክሩበት

ደሴ በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ስሠራ ልቤ ልብስ ስፌት ላይ አረፈ። ወዲያው አልለቀቅኩም። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ያለ ክፍያ ዋልኩ። ቁልፍ ተከልኩ፣ ተኮስኩ። መብራት ሲጠፋ፣ ደንበኛ ሲቆጣም አየሁ። እንዲያም ሆኖ ወደድኩት። ያኔ ሥራዬን ለመልቀቅ ቆረጥኩ። አብሽሩ፣ እናንተም እንዲህ ቅመሱት።

የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆናችሁ ስትለቁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ በነጻ ይገባችኋል። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ መጻፉን እዚያው አረጋግጡ። እኔ ሳልይዘው ወጥቼ፣ ኋላ ለአንዲት ወረቀት ከኮምቦልቻ ደሴ ስመላለስ ከረምኩ።