አበባ ተክላችሁ ዞር አትበሉ፦ ጓሮንና እንግዶቹን በየወቅቱ እንዴት ማጣጣም ይቻላል

አብዛኞቻችን አበባ የምንተክለው ልናየው ሳይሆን ልናጠጣው ይመስላል። ጠዋት እናጠጣለን፣ የደረቀውን እንለቅማለን፣ አረም እንነቅላለን፣ ከዚያ በቃ ወደ ቤት። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ። ጓሮዬ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ያወቅኩት ወገቤን አሞኝ መኮትኮት ሲያቅተኝ ነው። ሌላ የምሠራው ስላልነበረ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ቤት አልገባም።

1. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ

ከአበባው ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ በሉና 15 ደቂቃ አትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ላይ «ምንም የለም እኮ» ትላላችሁ። ቆይቶ፣ ስትመጡ ብር ብላ የሄደችው ወፍ ትመለሳለች፤ እንሽላሊቱም ከድንጋዩ ሥር አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ጥላችሁ አበባው ላይ እንዳያርፍ ብቻ ተጠንቀቁ። ቢራቢሮ ጥላ ሲያርፍባት አትጠብቅም፣ ብን ነው።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ወፍ ማየት የሚፈልግ በማለዳ ይውጣ። ቢራቢሮ ግን ሰውነቷ ሳይሞቅ መብረር ስለማትችል፣ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ሲል ክንፏን ዘርግታ ድንጋይ ወይም ቅጠል ላይ ስትሞቅ ታገኟታላችሁ። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ጊዜው ያ ነው። ሲመሽ ደግሞ ተረኛው ይቀየራል፦ እንደ ጃስሚን ነጭ ሆነው ሽታቸው ማታ የሚያይል አበቦች የእሳት ራት ይጠራሉ፣ እሱን ብሎ የሌሊት ወፍም ሊመጣ ይችላል።

ትንሽ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ያበበውን፣ የመጣውን ጻፉ። ሦስት ቃል ይበቃል።

2. ጓሮው ባዶ የሚሆንበትን ወር ፈልጉ

ደብተሩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ከወራት በኋላ ስታገላብጡት፣ ሁሉም ነገር ባንዴ ያበበበት ጊዜ አለ፣ አንድም አበባ የሌለበት ጊዜም አለ። ቀጣዩን ተክል የምትመርጡት ለዚያ ባዶ ጊዜ ነው። ችግኝ ስትገዙ በአበባው አትማለሉ፤ መቼ እንደሚያብብ ጠይቁ። ዚኒያና ኮስሞስ ከተዘሩ ሁለት ወር ገደማ ውስጥ ስለሚያብቡ፣ ዘሩን ባንድ ቀን ከመጨረስ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መዝራት ነው። የጠወለገውን አበባ ቁረጡ፤ ተክሉ ዘር ማፍራቱ ሲቀርበት ሌላ አበባ ያወጣል።

አመራረጥ ላይ አንድ ነገር ልበል። ድርብርብ ጽጌረዳና ዳህሊያ ለዓይን ያምራሉ፣ ለንብ ግን ብዙም አይረቡም። ብናኙን የሚሠራው ክፍላቸው አብዛኛው ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጠ የሚበላ ነገር ትንሽ ነው፣ ቢኖርም ንቧ በዚያ ሁሉ ድርብርብ መሃል መግባት ይከብዳታል። ነጠላውን፣ መሃሉ ወለል ብሎ የሚታየውን ትከሉ። ማር ንብ ቀይ ቀለምን እንደኛ አታይም፣ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ግን ታያለች። ስለዚህ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫው ለንብ ይሁን፤ ቀይና ቱቦ የመሰለውን ምንቃራቸው ቀጭንና ረጅም የሆነ ቀሳሚ ወፎች ይፈልጉታል። አንድ ዓይነቱን ደግሞ ባንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጉት። ማር ንብ በአንድ ጉዞዋ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው የምትቀስመው።

የሱፍ አበባ ከተከላችሁ ወንበሩን ከምሥራቅ በኩል አድርጉ። ለጋ እያለ ፀሐይን እየተከተለ ይዞራል፣ ሲያብብ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀራል። በሌላ በኩል ከተቀመጣችሁ ጀርባውን ስታዩ መክረማችሁ ነው።

3. ውሃ አስቀምጡ

ዝርግ ሳህን ይበቃል። ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲሜትር አይብለጥ፤ ንብና ትንንሽ ወፎች የሚቆሙበት ድንጋይ መሃሉ ላይ ጣሉበት። በየሁለት ቀኑ ደፍታችሁ ፈትጉት፣ ያለበለዚያ የወባ ትንኝ እያረባችሁ ነው።

4. መርጫውን ከማንሳታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ

አንድ ዓመት ጽጌረዳዬን ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ወረረው። ለጋው ጫፍ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሸፈነ፣ ሲነኩት ያጣብቃል። መሃላቸው ደግሞ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያለው፣ ትንሽዬ አዞ የመሰለ ትል ይንጎራደዳል። «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው» ብዬ ሁሉንም በመድኃኒት ጠራረግኳቸው። ያ አስቀያሚ ትል የዚያች የምናውቃት ቀይ ነጠብጣባም ጥንዚዛ ልጅ መሆኑን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ለካ ክሽክሹን እየበላልኝ ነበር! ክሽክሹ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ ጥንዚዛዋን ግን ያን ዓመት አላየኋትም። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ክሽክሽ ያለ ወንድ ይወልዳል፣ ልጁም በሳምንት ገደማ ራሱ ወላጅ ይሆናል። ጥንዚዛዋ ከእንቁላል ተነስታ እስክታድግ ወር ገደማ ይፈጅባታል።

አሁን ክሽክሽ ሳይ በውሃ ግፊት አራግፈዋለሁ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን እታገሳለሁ። አባጨጓሬም እንደዚሁ ነው። ቢራቢሮ የሚፈልግ ሰው የተበሳሳ ቅጠል መቻል አለበት። ጸጉራሙን ግን በእጃችሁ አትንኩ፣ ያሳክካል።

5. ወቅቱ ሲዞር

ዝናብ ሲሆን ሥራ ቀንሱ። ካባራ በኋላ በጠዋት ውጡና የሸረሪት ድር ፈልጉ፤ ጤዛ ካልተንጠለጠለበት በቀር ዓይን ውስጥ የማይገባው ድር ያኔ ቁልጭ ይላል። ቀንድ አውጣው ከበዛ ማታ በባትሪ መልቀም ነው። ሲደርቅ ደግሞ በየቀኑ ላዩን ከመርጨት በሁለት ሦስት ቀን አንዴ በማለዳ አጥግባችሁ አጠጡ፤ ሥሩ ወደ ታች ውሃ ፍለጋ ይሄዳል።

መስኮታችሁ ጓሮውን እንደ መስታወት የሚያሳይ ከሆነ ወፎች ክፍት ቦታ መስሏቸው ይጋጩበታል። ከውጭ በኩል በየ5 ሳንቲሜትሩ ነጠብጣብ ለጥፉበት።

የአበባው ጊዜ ሲያልቅ ነው እንግዲህ እጃችን የሚያሳክከን። ሁሉንም አጭደን መጥረግ ያምረናል። ተዉት። የደረቀውን የሱፍ አበባ ራስ ሳትቆርጡ ብታቆዩት ወፎች ቁልቁል ተንጠልጥለው ዘሩን ሲፈለፍሉ ታያላችሁ፣ እኔ ከአበባው ይልቅ ይሄን ነው የምጠብቀው። የረገፈውን ቅጠል ወደ አንድ ጥግ ክምር አድርጉት። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዓይነት አለ፣ አብዛኞቹም ቀፎ የሌላቸው ብቸኞች ናቸው፤ መሬት ውስጥ ወይም ክፍት አገዳ ውስጥ ነው እንቁላላቸውን የሚጥሉት። ለነሱ ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ጥግ ላይ ባዶ አፈር ተዉላቸው። የደረቀውን አገዳ የምትቆርጡት አዲሱ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ነው፣ ያኔም ከሥሩ ሳይሆን ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ።