አሞኒያው አልወርድ ሲል፦ የናኖ ብር ጉዳት በፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ

ምልክቱ፦ ከገንዳው በሚወጣው ውኃ ውስጥ አሞኒያው ይጨምራል፣ ናይትሬቱ ይቀንሳል፤ የካርቦን ብክለቱ ግን እንደወትሮው ይወገዳል። ኦክስጅኑ፣ ፒኤቹ፣ አልካሊነቱና ሙቀቱ ቀድመው እንደተፈተሹ እገምታለሁ።

ምክንያቱ፦ አሞኒያን የሚያቃጥሉት (ማለትም በኦክስጅን አማካኝነት ወደ ናይትሬት የሚያደርሰውን ለውጥ የሚጀምሩት) እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ዝርያቸው ጥቂት፣ አረባባቸውም ዘገምተኛ በመሆኑ መርዝ ሲገባ ቀድመው የሚወድቁት እነርሱ ናቸው፤ ካርቦን በሎቹ ግን ብዙ ስለሆኑ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። በተደጋጋሚ ያጋጠመኝ መርዝ ናኖ ብር፣ ማለትም በናኖሜትር የሚለካ እጅግ ጥቃቅን የብር ማዕድን ብናኝ ነው፤ ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሟ የብር አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የሟሟ ብር) ይለቃል።

አንድ ጊዜ የላቦራቶሪው ውጤት «ብሩ ሟሟ ነው» ስላለ ብናኝ መኖሩን ማንም አልጠረጠረም ነበር። ናሙናው የተጣራው ግን በባለ 0.45 ማይክሮሜትር ወንፊት ነው፤ ይህም 450 ናኖሜትር ማለት ስለሆነ 20 ናኖሜትር የሆነ ብናኝ ሳይነካው ያልፋል። በእጅግ ጥቃቅን ወንፊት ደግመን ስናጣራው አብዛኛው ብር ወንፊቱ ላይ ቀረ። ምንጩ ጨርቅ በብር የሚነክር ፋብሪካ ሲሆን፣ ማጠራቀሚያውን ባጠበ ቁጥር ቢጫ ወደ ቡናማ ያደላ ውኃ ይለቅ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን አዲስ አየር መንፊያ ተገዝቶ ተተክሏል፤ አሞኒያው ንቅንቅ አላለም።

መፍትሄው፦ አስቀድሞ ምንጩን ማስቆም ነው። ቀጥሎ ከገንዳው የሚወገደውን ዝቃጭ (ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበትን ጭቃ መሰል ክምችት) መቀነስ ይገባል። «የተመረዘ ነው» ብሎ ዝቃጩን ጠርጎ መጣል ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ በዙሪያቸው የሚያመነጩት ዝልግልግ ሽፋን ብናኙን የሚይዝላቸው ጋሻ ሲሆን፣ የተረፉት አሞኒያ አቃጣዮችም ያሉት እዚያው ውስጥ ነው። ከጤነኛ ገንዳ የመጣ ዝቃጭ መጨመር ይጠቅማል፤ ምንጩ ሳይዘጋ ከተጨመረ ግን መርዙን መቀለብ ነው። በማሸጊያ የሚሸጠውን የባክቴሪያ ዱቄት አልመክርም።

ሰልፋይድ ብሩን በቀላሉ ወደማይሟሟ የብር ሰልፋይድ ስለሚለውጠው መርዛማነቱን ይቀንሳል፤ ኦክስጅን በሌለው የፍሳሽ ቱቦም ይህ በራሱ ይከሰታል። ይህን ሰምቶ ሰልፋይድ ገንዳው ላይ መድፋት ግን ፈጽሞ አይገባም! አሞኒያ አቃጣዮቹን ራሱ ይጎዳል፤ ፒኤች ሲወርድ የሚወጣው ጋዝም ሰው ይገድላል።

መርዙ ብር ሳይሆን የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ብናኝ ከሆነ የሚጎዳው በአብዛኛው የሟሟው ዚንክ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ ይበልጥ የሚያሰጋው አልትራቫዮሌት ብርሃን በሚያገኝ ውኃ ውስጥ እንጂ በደፈረሰ ገንዳ ውስጥ አይደለም።