«ኤዱካዶ» የተማረ ማለት አይደለም፦ ስለ ሰው ጠባይ በስፓኒሽ ስንናገር የምንሳሳታቸው ቃላት

ስፓኒሽ የሚማር ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ የሚማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መጽሐፉም የስልኩ መተግበሪያም የሚያስረዱት በዚያው ቋንቋ ነው። ዳቦ ለመግዛት ወይም መንገድ ለመጠየቅ ይህ ብዙ አይጎዳም። የሰው ጠባይ ላይ ሲደረስ ግን እንግሊዝኛው ገደል ይከታል፤ አማርኛችን ደግሞ ትክክለኛውን ቃል ይዞ ሲጠብቀን ኖሯል።

«ኤዱካዶ»ን የተማረ ማለት ማድረግ። ዲግሪ የደራረበ ሰው ሰላምታ ካልሰጠ ኤዱካዶ አይባልም፤ ፊደል ያልቆጠሩ አያት ግን ኤዱካዳ ሊሆኑ ይችላሉ። ቃሉ የእኛ «ጨዋ» ነው። ቤተ ክህነትም ያልተማረውን ምእመን «ጨዋ» ስለምትለው፣ ትምህርትና ጨዋነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተቃራኒው «ማሌዱካዶ» ቢፈታ «አሳዳጊ የበደለው» ነው፤ ሌላ ትርጉም መፈለግ ድካም ብቻ ነው። የተማረ ለማለት ከተፈለገ «ኩልቶ» ወይም «ቲዬኔ ኤስቱዲዮስ» ይባላል።

«ሴንሲብሌ» እና «ሴንሳቶ»ን ማምታታት። አለቃዎን ስለ አስተዋይነቱ ሊያመሰግኑ ብለው፣ እንግሊዝኛው «ሴንሲብል» አሳስቶዎት «ሴንሲብሌ» ካሉት፣ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ፣ ከፋ ሲልም ሆደ ባሻ ብለውታል። አስተዋዩ «ሴንሳቶ» ነው።

«አማብሌ» እና «ሲምፓቲኮ»ን አንድ ማድረግ። አማብሌ የሚረዳዎት ደግ ሰው ነው፤ በር ለከፈተልዎት ሰው «ሙይ አማብሌ» ማለት ራሱ ምስጋና ነው። ሲምፓቲኮ ግን ጨዋታው የሚጥም፣ አብረውት ቢቀመጡ የማይሰለች ሰው ነው፤ ዕቃ ላያግዝዎት ይችላል። ስለ አንዲት ልጅ መልክ ተጠይቆ «ሲምፓቲካ ናት» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ እኛ ዘንድ «ጠባይዋ ጥሩ ነው» የሚለው መሆኑን ልብ ይበሉ።

«ሴር» እና «ኤስታር»ን በዘላቂና በጊዜያዊ መለየት። ትልቁ ጣጣ ይህ ነው። ሁለቱም «መሆን» የሚሉ ግሦች ናቸው፤ «ኤስ» እና «ኤሬስ» ከሴር፣ «ኤስታ» እና «ኤስታስ» ከኤስታር ይመጣሉ። መጻሕፍቱ «ሴር ለዘላቂው፣ ኤስታር ለጊዜያዊው» ይላሉ። ታዲያ የሞተ ሰው «ኤስታ ሙዌርቶ» የሚባለው ለምንድን ነው? ከሞት የበለጠ ዘላቂ ምን አለ? እኔን የረዳኝ አማርኛው ነው፤ ሁልጊዜ ባይሠራም ኤስታር ወደ «ሞቷል»፣ «ደክሟል»፣ «ሆኗል» ይጠጋል። «ኤሬስ ሙይ አማብሌ» ማለት «ደግ ነህ» ነው። «ኤስታስ ሙይ አማብሌ ኦይ» ግን «ዛሬስ ደግ ሆነሃል» ነው፤ ምን ፈልገህ ነው የምትል ጥርጣሬ ከኋላው አለች። ብልህ ሰው «ኤስ ሊስቶ» ሲባል የተዘጋጀው «ኤስታ ሊስቶ» ይባላል። ስፔን ውስጥ «ኤስ ማሎ» ክፉ ነው፣ «ኤስታ ማሎ» ደግሞ ታሟል። የአማትዎን ደግነት ሊያወድሱ ፈልገው «ኤስታ ቡዌና» እንዳይሉ! ለወጥ ሲነገር ጣፍጧል ማለት ነው፤ ለሰው ሲነገር ግን ገላን በምኞት ማየት ነው።

«ፖርታርሴ»ን ለብቻው መተው። ፖርታርሴ ጠባይ ማሳየት ነው፤ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚል ቃል አብሮት ይፈልጋል። ለልጅ «ፖርታቴ ቢየን»፣ ማለትም «ጥሩ ጠባይ አሳይ» ይባላል። «ኮምፖርታርሴ» ግን ብቻውን ይቆማል፤ «ኮምፖርታቴ!» ማለት «አደብ ግዛ!» ነው። «አክቱዋር» እርምጃ መውሰድ ወይም መድረክ ላይ መጫወት ስለሆነ ልጅ አይቆጡበትም።

«አሴር ኤል ቶንቶ» እና «አሴርሴ ኤል ቶንቶ»። የመጀመሪያው መጃጃል ነው፣ ሁለተኛው እያወቁ እንዳላወቁ መሆን። አንዲት «ሴ» ሞኙን ብልጥ ታደርገዋለች።

«ፔና» በሁሉም አገር አንድ ይመስላል ማለት። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው በኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ (በወጣቶች ደሴት) ተምረዋል፤ የእነሱ ስፓኒሽ የካሪቢያን ነው። በኩባ፣ በሜክሲኮና በኮሎምቢያ «ሜ ዳ ፔና» ማለት «አፍራለሁ»፣ አንዳንዴም «ይሉኝታ ይዞኛል» ነው፤ በስፔን ግን «ያሳዝነኛል»። ኩባ የተማሩ አንድ ጎረቤታችን ማድሪድ ውስጥ በእንግድነት ተቀምጠው ሁለተኛ ሳህን ሲቀርብላቸው፣ በይሉኝታ «ሜ ዳ ፔና» አሉ። የቤቱ እመቤት ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «ምነው፣ ምን አሳዘነዎት?» አለቻቸው።