ካያክ በፒክአፕ ለምትጭኑ
ከደሴ ወደ ሎጎ ሐይቅ ወይም ወደ አርዲቦ ሐይቅ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) የምታመላልሱ፣ ፖርቶመጋላ ስታሠሩ ሁለቱም አግዳሚ ብረቶች ካሶኒው ላይ ይቁሙ። ጋቢናና ካሶኒ ሻንሲው ላይ የታሰሩት ለየብቻ ነው፤ ኮረኮንች ላይ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይላል። ሁለቱን አያይዞ የተበየደ ብረት መጀመሪያ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል፣ ካልሆነም የጋቢናውን ጣሪያ ያጎብጣል። አግዳሚው ብረት ከጋቢናው ጣሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በብረቶቹ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ተዉ፣ ከጠበበ የጀልባው አፍንጫ ይዘላል።

ብረቱን በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልሉና ካያኩን አፉን ደፍታችሁ ጫኑ። ቺንጊያውን እስኪጮህ አትወጥሩት፤ ፀሐይ ያሞቀው ፕላስቲክ ይሰረጉዳል። የካያኩን አፍንጫ ግን ከመኪናው ፊት ካለው መጎተቻ ጋር በገመድ ሳታስሩ በፍጹም አትነሱ፤ በፍጥነት ስትነዱ ነፋስ ወደ ላይ የሚያነሳው እሱን ነው።