የእናትን የጥለት ቀሚስ ለራስ ልክ ማስተካከል

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት አንዳንድ ደንበኞቼ ቃል በቃል የተረዱት ይመስለኛል። የከተራ ዋዜማ ማታ የእናታቸውን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልለው ይመጡና «ለነገ አድርሽልኝ» ይሉኛል። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ሲንገሬን ተክዬ መስፋት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አዲስ ከሰፋሁት ይልቅ አሮጌ የተረተርኩት ይበልጣል። ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጥቶ አዲስ ማሠራት ኪስ ያራቁታል፤ ሣጥን ውስጥ የተኛው ቀሚስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ የእጅ ፈትል ነው። ስለዚህ በኅዳር ጀምሩት፤ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቀሚሱን መስኮት አጠገብ ዘርግታችሁ ብብቱንና ለዓመታት ታጥፎ የኖረበትን መስመር ፈትሹ። ላብ የበላው ጨርቅ በጣት ሳብ ሲደረግ ይላላል፤ እሱ ተቆርጦ ይወጣል እንጂ አይጠገንም። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ከጥለቱም ለብቻው አንድ ክር ፈትኑ፤ መደቡ ጥጥ ሆኖ ጥለቱ ሰው ሠራሽ የሆነ ቀሚስ ሞልቷል። እንዲህ ዓይነቱን በጋለ ካውያ በቀጥታ የነካ ሰው ጥለቱን ተሰናብቶታል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ፣ በተገላቢጦሹ በኩል ተኩሱ።

እጥበቱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ድሮ ነጭ ሸማ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ተክሉ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ቀንድ አውጣውስ ሞተ፤ ሸማው ነጣ ወይ?» አለችኝ። ዛሬ እንዶድ ፍለጋ አትንከራተቱ፤ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ግን በደጁም አይለፍ። ከማጠባችሁ በፊት እርጥብ ጥጥ ጥለቱ ላይ ተጭናችሁ ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ጥጡ ቀለም ከያዘ ቀሚሱን አትዘፍዝፉ፤ ጥለቱን ከውሃ ውጭ ይዛችሁ ነጩን ብቻ እሹ። እኔ ይህን የተማርኩት የአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚስ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ነጩን ጽጌረዳ ካስመሰልኩት በኋላ ነው። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ቀሚሱን ግን ምን አድርጌ ልመልስላት?

አሁን ወደ መቀሱ። የድሮው ቀሚስ ሰፊ ነው፤ ወገብን የሚይዘው ስፌቱ ሳይሆን መቀነቱ ነበር። የዛሬው ገላን ተከትሎ ይሰፋል። ስለዚህ ማጥበብ ቀላል ነው፤ ችግሩ ርዝመቱ ነው። ቀሚስ ረዘመ ብላችሁ ከታች እንዳትቆርጡ! የቀሚሱ ጌጥ ታች ያለው ጥለት ነው። ወገቡን ተርትሩ፤ ስፌት ከሌለው ወገባችሁ ላይ በጠመኔ አስምሩና ለዩት። ትርፉን ከዚያ ቆርጣችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ሽብሽቦው ወይም መቀነቱ መጋጠሚያውን ይሸፍንላችኋል። ደረቱ የጠበባችሁ እንደሆነ ደግሞ አዲስ ጨርቅ አትግዙ፤ አዲሱ ነጭ ከአሮጌው ነጭ አጠገብ ይጮሃል። ከቀሚሱ ጋር የመጣውን መቀነት ወይም ነጠላ ፈልጉና ከብብት እስከ ወገብ በጎንና በጎን አስገቡበት። አብረው ስላረጁ ቀለማቸው አይለይም። ዚፑን በግራ ጎን አድርጉት፤ ከኋላ ከሆነ የጀርባውን ጥልፍ ለሁለት ይከፍለዋል።

የታችኛውን ርዝመት ከመወሰናችሁ በፊት ጫማችሁን አድርጉ። ባዶ እግሯን ቆማ የምትለካ ሴት ሁለት ጊዜ ትከፍላለች። የእኛ ሰፈር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ለእንቁጣጣሽ ጭቃው ገና ስላልደረቀ ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ በኮንጎ ጫማ እንሄዳለን፤ ባለ ታኮው በፌስታል ይከተለናል። ስለዚህ በዝቅተኛው ጫማ ለኩ፤ ጥለቱ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ይበል። በታኮ ለክታችሁ በኮንጎ ከሄዳችሁ የእናታችሁ ጥለት የቱሉ ዲምቱን መንገድ ይጠርጋል። ልጃገረዶቹ ከቀሚሱ ሥር ስኒከር ሲያደርጉ መጀመሪያ ዓይኔን ቆጥቁጦኝ ነበር፤ አሁን ግን እኔም አደርገዋለሁ፣ ቢያንስ ተደናቅፌ አልወድቅም።

ሲያልቅ ሽቦ መስቀያ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ዝገቱ ትከሻው ላይ ይታተማል። ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሉት፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል። ከወገቡ የቆረጣችሁትን ትርፍ እዚያው እጥፉ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቀሚሱ ዳግመኛ ሲተረተር ያው ጨርቅ ይፈለጋል።