ባለችን ብር ያገለገለ መኪና ስንገዛ የምንሰራቸው ስህተቶች

በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ጠንከር ብሎ መጣ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚ አሁን ብሩ አነስ ያለበት ሰው የሚገዛው ድሮ የገባውን ነው፣ ወይ ቪትዝ ወይ ያሪስ ወይ አሮጌ ኮሮላ። ሻጩም ይሄን ስለሚያውቅ አይቸኩልም፣ የሚቸኩለው ገዢው ነው፣ ስህተቱም ብዙውን ጊዜ ከዛ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ስህተት ያለንን ብር በሙሉ ለመኪናው ዋጋ ማዋል። ስም ማዞሪያ አለ፣ ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለ፣ ደላላው ብዙ ጊዜ 2 ፐርሰንት ይላል፣ ከዛ ዘይትና ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ ምናልባት አራት ጎማ። ጎማ ስታዩ ጥርሱን ብቻ አትዩ፣ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለች፣ 2317 ካለ በ2017 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ቢያምርም አርጅቷል። እኔ ቢሆን ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱን ለብቻ አስቀምጬ በቀረው ነው የምፈልገው፣ ካልበቃ ዝቅ ያለ ሞዴል።

ሁለተኛው ሞዴል ማሳደድ ነው፣ ማለትም መኪናው የተሰራበትን ዓመት፣ እሱም በእ.ኤ.አ. ነው የሚቆጠረው። "የ2007 ነው" ከተባልን አይናችን ሌላ ነገር አያይም። በደንብ የተያዘ የ2001 መኪና ግን የተበላሸ 2007ን በብዙ ያስንቃል። ደግሞ የተባለውን ዓመት ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ ቪትዝ ከሆነ ሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። ኤስሲፒ10 ብሎ ከጀመረ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፣ ኬኤስፒ90 ካለ ከ2005 ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው። ሻጩ 2006 ነው እያላችሁ ሻንሲው ኤስሲፒ10 ካለ ጨዋታው እዛው አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ቪትዝ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ የሸጠበት ስም ነው፣ ያው መኪና አውሮፓ ሲሄድ ያሪስ ነው የተባለው፣ ጃፓን ደግሞ በግራ ስለሚነዳ መሪው ቀኝ ነው። ስለዚ አዲስ አበባ ላይ መሪው ግራ የሆነ አሮጌ ቪትዝ ካያችሁ በአብዛኛው መሪው ተቀይሮለት ነው፣ ብዙዎቹም ዱባይ ላይ። ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ በደንብ ከተሰራ አመታት ይሄዳል፣ ግን ማን እንዴት እንደሰራው ስለማይታወቅ ማየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱት፣ ብዙ ጊዜ እሱ ሳይቀየር ስለሚቀር መስታወቱ ላይ ሳይጠረግ የሚቀረው ጥግ በሹፌሩ በኩል ይሆናል፣ ክረምት ላይ ታማርራላችሁ። ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ የተደፈነ ቀዳዳና ብየዳ ፈልጉ፣ ብየዳው ዝጎ ከሆነ ወይ ፍሬን ስትረግጡ ላሜራው የሚነቃነቅ ከሆነ ተዉት። መሪውን ቆማችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፣ መንገጭገጭ የለበትም። ይሄን ሁሉ ጣጣ የማይፈልግ ሰው ያሪስ ይፈልግ፣ ትንሽ ቢወደድም።

ሁለተኛው ትውልድ ላይ ካምቢዮውም (ማርሹ) ይታይ። ኦቶማቲኩ ብዙ ጊዜ ሲቪቲ የሚባለው፣ በማርሽ ደረጃ ሳይሆን በቀበቶ የሚሰራው ነው፣ የራሱ ዘይት አለው፣ ተራ የኦቶማቲክ ዘይት የጨመረበት መካኒክ ገድሎታል ማለት ነው። ዳገት ላይ ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለው፣ "ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው" ቢሏችሁም እንዳትሰሙ።

ሶስተኛ፣ መኪናውን ሞቆ ማየት። ከመድረሳችሁ በፊት አስነስተው ያሞቁታል፣ የሚያጨስ ሞተር ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው የሚያጋልጠው። ደርሳችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ፣ ከሞቀ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ በሉ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፣ ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ እየገባ ነው፣ የዘይት ክዳኑ ስር ቡኒ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይ ከስሩ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ስትከፍቱ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባጓ መብራት በርታ መጥፋት አለባት፣ ጭራሽ ካልበራች አምፖሏን አውጥተዋታል። ከዛ ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ወደ እንጦጦ ውጡ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ 1.0 ሞተር ላይ ያለ ድካም እዛ ዳገት ላይ አይደበቅም፣ የሙቀት ጌጁንም እያያችሁ። መካኒኩ ደግሞ የራሳችሁ ይሁን፣ ደላላው "የማውቀው ልጅ አለ" ያላችሁን አይደለም።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም፣ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላበት ልስን) ያለበት ቦታ ላይ አይጣበቅም። የፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) እና የኮፈን ቡሎኖች ጫፋቸው ከተላጠ ተፈተው ያውቃሉ። ትንሽ የተጋጨ መኪና ዋጋው ተቀንሶ ከሆነ መግዛት ይቻላል፣ ሻንሲው የታጠፈ ግን አይነካም።

እኔ ከሁሉም የምፈራው አራተኛውን ነው፣ በውክልና መግዛት። ስም ማዞሪያው እንዳይወጣ ተብሎ ባለቤቱ ውክልና ይሰጣል፣ ገዢው ብሩን ከፍሎ መኪናውን ይዞ ይሄዳል፣ ሊብሬው ላይ ግን ስሙ የሻጩ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሰረት ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገው ጊዜ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም በመርህ ደረጃ ውክልናው ያበቃል፣ ያኔ እናንተ ከወራሾች ጋር ናችሁ። አንዳንዱ መኪና ደግሞ ሶስት አራት ሰው በውክልና ውክልና እየተቀባበለው ነው የሚመጣው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ይኑር በሕይወት ይኑር የሚያውቅ የለም። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት እሱ ነው። ባለቤቱ ራሱ ውልና ማስረጃ መጥቶ ካልፈረመ እኔ አልገዛም፣ ያገባ ከሆነ ባልየው ወይ ሚስትየዋም ትምጣ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃውን ይያዝ። ከዛ በፊት ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የባንክ ወይ የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን። ሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በአይናችሁ አመሳክሩ፣ ሞተር የተቀየረባቸው ብዙ ናቸው።

ቀብድ ላይ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ይከፍላል። ማጣራቱ ሳያልቅ ቀብድ አትስጡ፣ ከሰጣችሁም በጽሁፍ ይሁን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሕጉ የሚለው ቀብድ ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ነው።

አንድ የቀረች አለች፣ ታክስ ይቀንሳል ተብሎ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ። ነገ መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ወይ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያለችውን ቁጥር ነው፣ የቀረውን ብር መክፈላችሁን በምን ልታስረዱ ነው? በባንክ አስተላልፉ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ።